ትንሿ ጣት የምታልፍበት ክፍተት

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የታሰረም የለም። ከእንጨት የተሠራ አንድ ሰገነት ፈረሰ፣ አንድ ወርክሾፕ ተዘጋ፣ ይኸው ነው። ደግሞም ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ሲያወራ ራሱን ትንሽ ማሳመሩ አይቀርም። አብረውኝ የሠሩት ቀለም ቀቢው ጋሽ ደረጀ ግን፣ "አንቺ ካልጻፍሽው ማን ሊጽፈው ነው? እኔ እንደሆነ የሌላ ሰው ግድግዳ ከመቀባት ሌላ የማውቀው የለኝም" አሉኝ። ስለዚህ እንደ ቤት ሥራ ቆጥሬ፣ በተቻለኝ መጠን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ስሜ ትርሲት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ሲሆን፣ ዘንድሮ እዚሁ ቶሮንቶ በአንድ ኮሌጅ የሕንፃ ቁጥጥር ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በክፍላችን ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ተማሪ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ መምህሩ ያላዘዘውን ገጽ ሳይቀር አነባለሁ። ከዚህ በፊት ለአሥራ ሰባት ዓመታት አናጺ ነበርኩ። አናጺ ስል ቤት የሚያቆመውን ማለቴ አይደለም፤ የድሮ ቤቶችን የእንጨት መስኮትና መዝጊያ የሚጠግነውን ነው።

ወደ ሥራው የገባሁት ሳላስበው ነው። ሪጀንት ፓርክ የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር እንኖር ነበር፤ ቀን ቀን ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ሄጄ ቢሮ አጸዳለሁ። ሰፈሩ በአዲስ ሊሠራ የምንኖርበት ሕንፃ የሚፈርስበት ተራ ደርሶ ዕቃ ስናወጣ፣ መግቢያው ላይ ለሴቶች የሚሰጥ አጭር የእንጨት ሥራ ኮርስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ኮርሱን ጨርሼ በየቦታው ባመለክት እሺ ያለኝ አንድ ወርክሾፕ ብቻ ነበር። ኤግሊንተን ዌስት በሚባል ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ኤቨርተን ይባላሉ፤ በካሪቢያን ባሕር ካሉት ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ የተወለዱ ሰው ናቸው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ስለነበር እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ሚስተር ኤቨርተን እንጨት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከነኩ በኋላ ግን አይታጠቡም። አሮጌ ብሎን አይጥሉም፤ በየዓይነቱ ለይተው በቆርቆሮ ያኖሩታል። መስኮት ሲያወርዱ በማይታየው በኩል በእርሳስ ቀኑንና የወጣበትን ክፍል ይጽፋሉ። የበሰበሰ ቦታ የሚያገኙት አይተው ሳይሆን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው። እኔ ደግሞ የሚሉኝን ሁሉ በአማርኛ "እሺ" እያልኩ ስቀበል ስለሰነበትኩ በመጨረሻ ስሜን ለወጡት።

"ሚስ እሺ" አሉኝ አንድ ቀን፣ "አንድ ጊዜ እንኳ 'ለምን?' ብትዪኝ ሻይ እገዛልሽ ነበር።"

"እሺ" አልኳቸው።

ያን ቀን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሻዩን ግን ሳልጠጣው ቀረሁ።

የመጀመሪያ ክረምቴን ያሳለፍኩት በሻማ ነው። አንድ መስኮት ጠግነን ስንመልስ፣ ሚስተር ኤቨርተን ሻማ ለኩሰው በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ነበልባሉ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ሥራው አላለቀም። "ቶሮንቶ ውስጥ ጠላታችን ንፋስ ነው" ይሉ ነበር። መሮውን አንስቼ እንደገና እጀምራለሁ። በሦስተኛው ዓመት እኔ በዘጋሁት መስኮት አጠገብ ነበልባል እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር። ለደንበኞች ሲያስተዋውቁኝ፣ "እሷ ከዘጋችው ሐሜት እንኳ አያልፍም" ይላሉ። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ያቺን አነጋገር ለመስማት ግን ቅዳሜም እገባ ነበር።

ከዚያ የከተማ ባቡር ግንባታ በመንገዳችን መጣ። ኤግሊንተን ለዓመታት ተቆፍሮ ቀረ፤ ደንበኛ መኪና የሚያቆምበት አጣ፤ ፀጉር ቤቱም አቧራ እየጠረገ ይውል ጀመር። የሚስተር ኤቨርተን የትውልድ ደሴት ሥራ የመጣልን በዚያ ጊዜ ነው።

ሥራው የድሮው የአገረ ገዢ መኖሪያ ነው። እንግሊዞች በቅኝ ግዛታቸው ዘመን ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሠሩት ቤት ሲሆን ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨት ነው። ፎቁን ዙሪያውን ሰፊ ሰገነት ይከበዋል፤ በስተፊት ከአትክልቱ ቦታ ተነስቶ በቀጥታ ሰገነቱ ላይ የሚያወጣ ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለው። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። ስስ ጣውላዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተጋድመው የተደረደሩባቸው መዝጊያዎች ናቸው፤ ዝናብ ያስቀራሉ፣ አየር ያሳልፋሉ። ቤቱ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ኖሮ፣ መንግሥት ሙዚየም ሊያደርገው ወሰነ። መዝጊያዎቹንና ሰገነቱን የሚጠግን ሲፈለግ የሚስተር ኤቨርተን ስም ተነሣ። ፈቃድና ፊርማ ብዙ ወራት ወሰደ፤ ይህን እዘለዋለሁ።

ለእሳቸው ቤቱ ሥራ ብቻ አልነበረም። እናታቸው እዚያ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ሚስ ቨርናም (እሷን በልቤ እንደ እናት አንቺ ነው የምላት) ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ቆማ ተኩሳለች። በጓሮ በር ገብተው ምድር ቤት ካለው መተኮሻ ክፍል ይውላሉ፤ በጓሮ በር ይወጣሉ። በፊተኛው ደረጃ መውጣት ለእንግዶች ብቻ የተፈቀደ ነው። እናትየው ሰገነቱን ሳይረግጡ ሞቱ። ሚስ ቨርና ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗት ከኮረብታው ግርጌ ብቻዋን ትኖራለች። ሚስተር ኤቨርተን የገቡላት ቃል አንድ ነው፤ ቤቱ ሲከፈት በፊተኛው ደረጃ ደግፈው አውጥተዋት፣ ሰገነቱ ላይ ወንበር ስበው ሊያስቀምጧት።

"ጉልበትሽ ይችላል?" ሲሏት ሰምቻለሁ።

"ጉልበቴ ከአንተ ሥራ በፊት አያልቅም" አለቻቸው። "አንተ ብቻ ምስማርህን ቶሎ ቶሎ ምታ።"

በመጀመሪያው ቀን ሚስተር ኤቨርተን እኔንና ጋሽ ደረጀን ሰገነቱ ላይ አቁመው ትንሿን ጣታቸውን አሳዩን። "እዚህ አገር ሻማውን እርሱት" አሉ። "እዚህ መለኪያው ይህ ነው። ክፍተት ባለበት ሁሉ ይህቺ ጣት ማለፍ አለባት።" የጣታቸውን ውፍረት የሚያህል እንጨት ጠርበው ሰጡኝ። እኔም "እሺ" ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የመዝጊያዎቹን ጣውላ ማለታቸው መሰለኝ።

አራት ወር ያህል እንደሠራን ዓይናቸው ደከመ። ከሰዓት በኋላ እርሳስ የጻፉበትን ማንበብ ያቅታቸው ጀመር። ቶሮንቶ ሄደው ኦፕራሲዮን ማድረግ ስለነበረባቸው ለስድስት ሳምንት ሥራውን ለእኔ ትተው ሄዱ። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ "ቤቱ ምን እንደሚፈልግ ቀስ ብለሽ ስሚው፤ አትቸኩዪ" አሉኝ። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ኃላፊነት ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲመለሱ የሚደነቁበት ነገር ላሳያቸው ቆረጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዝናቡ ገባ። የዚያ አገር ዝናብ ከላይ ብቻ አይወርድም፤ ከባሕር በኩል በጎን ይመጣል። የቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሴት ጃንጥላቸው ተገልብጦ ወደ ሰገነቱ ወጡና ግድግዳው ሥር አሳዩኝ። የሰገነቱ ወለልና የቤቱ ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ክፍተት ነበረ። ውሃው በዚያ እየገባ ይንጠባጠባል። ከሰገነቱ ሥር ባለው ኮርኒስም ትንንሽ ቀዳዳዎች በመስመር ተበስተው ነበር፤ የሌሊት ወፍ ገብታባቸዋለች።

"እናንተ ከብርድ አገር ነው የመጣችሁት" አሉኝ ኃላፊዋ። "ቤት መዝጋት አታውቁም እንዴ?"

ይህን ሲሉኝ ልቤ ሞቀ። ቤት መዝጋት! በዓለም ላይ ከማንም በላይ የማውቀው እሱን ነው። "እሺ፣ እዘጋዋለሁ" አልኳቸው።

ጋሽ ደረጀ ብሩሻቸውን እያጠቡ ሰምተውኛል። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ የገቡ፣ ብዙ አገር ያዩ ሰው ናቸው፤ ሲቸኩሉባቸው አይወዱም።

"ትርሲት፣ መጀመሪያ ኮል አድርጊላቸው።"

"ጋሼ፣ ዓይናቸውን ታመው ተኝተው ለዚህ ላስቸግራቸው?"

"የታመመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ምን ሆነ?"

"ሲመጡ ደርቆ ቢያገኙት አይሻልም?"

"እኔ እንጃ" አሉ። "መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ያልደፈነው ቀዳዳ ሁሉም ረስተውት አይመስለኝም።"

አልሰማኋቸውም። ክፍተቱን ሙሉ ዙሪያውን ለካሁ። ስስ ጣውላ በመላጊያ ልጌ እየገጠምኩ፣ በላዩ ሲሊኮን ሞላሁበት። የኮርኒሱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በክብ እንጨት ደፈንኩ፣ ስቱኮ አደረግሁ፣ አለዘብኩ። ጋሽ ደረጀም እያጉረመረሙ ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል ቀለም ቀቡት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከሠራሁት ሁሉ ያን ያህል ንጹሕ ሥራ አላስታውስም። በመጨረሻው ቀን ሻማ ገዝቼ ለኩስኩ፤ ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስተር ኤቨርተን ደወሉ። አንድ መዝጊያ ፊት ቆሜ ነበር።

"ሚስ እሺ፣ ጣቴ ታልፋለች?"

ጣቴን በመዝጊያው ጣውላዎች መካከል አስገባሁ። አለፈች። "ታልፋለች" አልኳቸው።

"በሁሉም ቦታ?"

"በሁሉም።"

ያን ጊዜ ውሸት መሆኑን አላወቅሁም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሙሉ በሙሉ አላወቅሁም፤ ነገር ግን ስመልስላቸው ዓይኔን ከግድግዳው ሥር አንሥቻለሁ። ይህን አስታውሳለሁ።

ሲመለሱ ሐኪሙ ማጎንበስና መሰላል መውጣት ከልክሏቸው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። ሰገነቱን ዙሪያውን ተራመዱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ዝናብ ከጣለ ገና አንድ ሰዓት አልሆነውም፤ ከቤቱ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልነበረችም። "ደረቅ ነው" አሉ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ "ጥሩ ሠርተሻል" አሉኝ። ጋሽ ደረጀ አዩኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ቃል እየጠበቅሁ የኖርኩ ሰው በሰማሁበት ደቂቃ ላበላሸው አልፈለግሁም።

ሙዚየሙ በተባለው ጊዜ አልተከፈተም። የጣሪያው ሥራ የሌላ ተቋራጭ ስለነበር ተጓተተ፤ በመካከል ሁለት ዓመት፣ ሁለት የዝናብ ወቅት አለፈ። እኛ ቶሮንቶ ተመልሰን ነበር። ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻ ማስተካከያ ልናደርግ ሦስታችንም ሄድን። በሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪ መጣ። ሰገነቱ ላይ ወጣ፣ ተንበረከከ፣ ካቻቢቴውን ከግድግዳው አጠገብ ወለሉ ላይ አስደገፈና ገፋ። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። እንጀራ ውስጥ ጣት የማስገባት ያህል ነበር። ሲነቅለው እርጥብ ሽታ ወጣ።

የኮርኒሱን ጣውላ ሲያነሡት ሁሉም ታየኝ። ዝናብ በምስማር ቀዳዳና በወለሉ ስንጥቅ መግባቱ አይቀርም። ድሮ በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ይንጠባጠባል፣ በእነዚያው ከሥር ገብቶ በግድግዳው ሥር የሚወጣው ነፋስ ደግሞ የቀረውን ያደርቀዋል። የገባው ውሃ የሚወጣበትን፣ የሚያደርቀው ነፋስም የሚገባበትን ዘግቼ ነበር። ያ ሁሉ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ሁለት ዓመት ሙሉ በእርጥበት ተቀቅሏል።

ሚስተር ኤቨርተን ሐኪሙ የከለከላቸውን ረስተው ተንበረከኩ። በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ምንም ድምፅ አልነበረውም።

"በዚህ ላይ ተራምጄ ነበር" አሉ። "እንዴት ሳላይ አለፍኩ? ዓይኔ ነው። ይህ የዓይኔ ጥፋት ነው።"

ጋሽ ደረጀ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ማታ ከሚስተር ኤቨርተን ተነጥለን ስንሄድ፣ "ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?" አሉኝ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ከምርቃቱ በኋላ።"

"እንግዲህ ያንቺ ነው፤ አልነጥቅሽም" አሉ። ቃላቸውን ጠብቀው ዝም አሉ። እኔ ቃሌን አልጠበቅሁም።

የፊተኛው ሰገነት በሰው ላይ ይወድቃል ተብሎ በአሥር ቀን ውስጥ ፈረሰ። ደረጃው በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር አብሮ ወረደ። ፎቁ ተዘጋ፤ ሙዚየሙ ምድር ቤቱ ብቻ ሆኖ ተመረቀ። በፊት በኩል መግቢያ ስላልነበረ እንግዳው ሁሉ በጓሮ በር ገባ። ሚስ ቨርና ለደረጃው ብላ ተረከዙ ዝቅ ያለ አዲስ ጫማ ገዝታ ነበር። ወንድሟ እጇን ይዘው በዚያው ድሮ በምታውቀው በር አስገቧት።

"ኤቨርተን፣ አየህ?" አለቻቸው ጮክ ብላ። "ዛሬ ሚኒስትሩም በእኛ በር ገባ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። መተኮሻ ክፍሉ በገመድ ታጥሮ የከሰል ካውያ ተደርድሮበታል። ሚስ ቨርና ገመዱን አየች፣ ካውያዎቹን አየች። "ስድሳ ምናምን ዓመት ጠብቄ ተመልሼ እዚሁ" አለች። አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ሚስተር ኤቨርተን ግን በመጀመሪያውም አልሳቁም።

ሥራውን ከሰጠን የደሴቲቱ መሥሪያ ቤት የመጣው ሪፖርት፣ ወርክሾፑ በሥራው ላይ በቂ ክትትል አላደረገም ይላል። ሚስተር ኤቨርተን አልተከራከሩም። ቶሮንቶ ስንመለስ ደንበኛ የሚያመጣውን መስኮት ተቀብለው በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይቆዩና መልሰው ይሰጡታል። "ዓይኔን አላምነውም" ይላሉ። ቁፋሮውን ሁሉ ችሎ የቆመ ወርክሾፕ በሚቀጥለው ጸደይ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን መሮዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው። ከሠራሁት ሁሉ በጣም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

በመስከረም ኮሌጅ ገባሁ። በሁለተኛው ወር መምህሩ ከቀድሞ ሥራችን ያልተሳካልንን አንድ ነገር እንድንጽፍ አዘዘ። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ ስለሰበርኩት አንድ ባለቀለም መስታወት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አርሜ፣ አሳምሬ ሰጠሁ። ከክፍሉ ትልቁን ነጥብ አገኘሁ። መምህሩ ለሁሉም አነበበውና፣ "ሐቀኛ ጽሑፍ ማለት እንዲህ ነው" አለ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ለደሴቲቱ መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ጻፍኩ። ክፍተቱን ማን እንደዘጋው፣ በስንት ቀን፣ በምን፣ ሚስተር ኤቨርተን የት እንደነበሩና በስልክ ጠይቀውኝ ምን እንደመለስኩላቸው ነው የጻፍኩት። መልሱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ፤ ደብዳቤዎ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል የሚል ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ ሚስተር ኤቨርተን አፓርታማ ሄድኩ። በረዶ ይጥል ነበር። ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"የሰገነቱን ክፍተት የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"የትኛውን?"

"ሁሉንም። ከሥር ያሉትንም።"

ወንበሩ ላይ እሳቸው ተቀመጡ። "ደውዬ ጠይቄሽ ነበር።"

"ጠይቀውኝ ነበር።"

"እና ይህን ያህል ጊዜ ዓይኔን ስረግም ቆመሽ ታዪኛለሽ?"

ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍኩትን አሳየኋቸው። ሚስተር ኤቨርተን ስልካቸውን ፈልገው ለእህታቸው ደወሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ቨርና፣ አንድ ነገር ይነበብልሻል" አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንብቢ" አሉ።

አነበብኩ። ስጨርስ፣ "እንደገና፣ ቀስ ብለሽ" አሉ። እንደገና አነበብኩ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ ሚስ ቨርና። "ያ ደረጃ ስንት እርከን ነበረው?"

"ሃያ ሁለት።"

"እኔ ራሴ ልቆጥረው ነበር የፈለግሁት" አለች። "ኤቨርተን፣ እንግዲህ ዓይንህ አልነበረም" አለቻቸውና ስልኩን ዘጋች።

ሚስተር ኤቨርተን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ዓይኔ አልነበረም" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን። ደገሙት። ተቀመጪም ሂጂም አላሉኝም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም፤ እኔም ለመደወል መብት ያለኝ አልመሰለኝም። እሳቸው ጋ የሄድኩበት ቀን ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።